ደም መልሱ ሲታፈን ዓይን ለምን ያብጣል?

የዓይን ጤና ዓምድ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ሕመም ናቸው፤ በሬቲና፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ያለ ደም መልስ (ደም ይዞ የሚወጣ የደም ሥር) ሲዘጋ ስለሚመጣው እብጠት። ይህ ሕመም ስለማያሠቃይ ሰው «ነገ ይለቀኛል» እያለ ወር ያሳልፋል። ዘግይቶ የመጣ ዓይን ደግሞ የሚመለስለት ብርሃን ያንሳል። ስለዚህ መልሶቹን ሳናሳጥር አቅርበናል።

ጥያቄ፤ ከአራዳ፣ ጎንደር

አባታችን 64 ዓመታቸው ነው። ደም ግፊት እንዳለባቸው ካወቁ ቆይተዋል፤ መድኃኒቱን ግን አንድ ሰሞን ይውጣሉ፣ አንድ ሰሞን ይተዋሉ። ባለፈው ወር ጠዋት ሲነሱ በግራ ዓይናቸው የሰው ግንባር ይታያቸዋል፣ ከአፍንጫ በታች ግን ጭጋግ ሆነባቸው። አላመማቸውም፣ ዓይናቸውም አልቀላም። ሐኪሙ «ከሬቲናዎ ደም መልሶች አንዱ ተዘግቷል፣ ማኩላዎ አብጧል» አላቸው። እኛ ብናይ ብናይ ያበጠ ነገር አላገኘንም። እብጠቱ የት ነው? የደም ሥር መዘጋትስ እንዴት እብጠት ያመጣል?

መልስ

እብጠቱን ከውጭ ልታዩት አትችሉም። ያበጠው የዓይን ቆብም ነጩም አይደለም። በዓይን ኳስ ጀርባ፣ ከውስጥ በኩል እንደ ስስ ወረቀት የተለጠፈው ሬቲና ነው፤ ከሬቲናም መካከሉ፣ ማኩላ የሚባለው። ፊት የምንለየው፣ ፊደል የምናነበው፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር የምናሾልከው በዚህች ቦታ ነው። የጤነኛ ማኩላ መካከል ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር ሩብ ብዙም አያልፍም፤ 250 እስከ 280 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። ደም መልስ ሲዘጋ 500 አልፎ 600 ሊደርስ ይችላል። ለእኛ ይህ ከጥቂት ወረቀቶች ውፍረት የማያልፍ ነገር ነው፤ ለማኩላ ግን እጥፍ መሆን ነው።

አሁን ወደ መዘጋቱ እንምጣ። ለሬቲና ደም የሚያመጣው ደም ቅዳ ነው፤ ሬቲናው የተጠቀመበትን ይዞ የሚወጣው ደግሞ ደም መልስ። ሁለቱ ቅርንጫፍ እያወጡ ሲሄዱ በየቦታው አንዱ በሌላው ላይ ይሻገራል። በመሻገሪያው ላይ ግድግዳቸው ተጣብቆ አንድ የጋራ ሽፋን ያቅፋቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ ደም ቅዳው ከላይ፣ ደም መልሱ ከታች ነው። የደም ግፊት ለዓመታት ሲደበድበው የደም ቅዳው ግድግዳ ይወፍራል፣ ይደነድናል። ሽፋኑ የጋራ ስለሆነ የታችኛው የሚሸሽበት የለውም፤ ይጨፈለቃል። በጠበበው ቦታ ደሙ ቀጥ ብሎ መፍሰሱን ትቶ ይሽከረከራል፣ የሥሩን የውስጥ ልባስ ይጎዳል፣ በተጎዳው ላይ ደም ይረጋል። መንገዱ የሚዘጋው እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በነሐሴ ቱቦው የተደፈነበት ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዝናቡ አላቆመም፤ መውረጃው ግን ተዘግቷል፤ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ግቢውን ይሞላዋል። ዓይንም ውስጥ ደም ቅዳው ማምጣቱን አያቆምም። ከተዘጋው ወደ ኋላ ያለው ደም መልስ ይወጠራል፣ ይጠማዘዛል፤ ግፊቱም ከጸጉር እጅግ ወደሚቀጥኑት የደም ሥሮች ይደርሳል። እነዚህ ያን ግፊት አይችሉትም። መጀመሪያ የደሙ ውኃ ያዣል፣ ከዚያ ራሱ ደሙ። ሐኪሙ ብሌኑን አስፍቶ ሲመለከት እንደ እሳት ነበልባል የተሰነጣጠሩ ቀይ ጭረቶች የሚያየው ለዚህ ነው።

ግፊቱ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ያንስ ነበር። መውጫ ያጣው ደም እንደ ልብ ስለማይዞር ሬቲናው ኦክስጅን ያጣል፤ ኦክስጅን ያጣ ሬቲና ደግሞ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የሚባል ፕሮቲን ያመነጫል። የዚህ ፕሮቲን ሥራ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል መቀስቀስና ያሉት ሥሮች ይዘታቸውን እንዲያሳልፉ ማላላት ነው። የሬቲና ደም ሥር ግድግዳ እንደ ሌላው አካል አይደለም። ሕዋሶቹ የፋሲል ግንብ ድንጋይ በኖራ እንደተያያዘ እርስ በርስ ተቆላልፈው ስለሚቆሙ፣ በመካከላቸው እንዲሁ በቀላሉ የሚያልፍ ነገር የለም። ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የሚያላላው ያንን ኖራ ነው። ድንጋዩ ሳይፈርስ በመጋጠሚያው በኩል ውኃና ፕሮቲን ይወጣል፤ የወጣው ፕሮቲን ደግሞ ተጨማሪ ውኃ ወደ ራሱ ይስባል። ይህ ውኃ በማኩላ ውስጥ በትናንሽ ከረጢቶች ይቋጠራል። እብጠቱ ባለበት ሬቲና ደሙ እንደ ልብ አይዞርም፤ ኦክስጅን ባነሰ ቁጥር ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ይጨምራል። በሕክምና ካልተቋረጠ አንዱ ሌላውን እየመገበ የሚቀጥል ነገር ነው።

አባታችሁ ታች ታቹን ያጡበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ምስል ሬቲና ላይ የሚያርፈው ተገልብጦ ስለሆነ የላይኛው ሬቲና የሚያየው ታችን ነው። የተዘጋው የላይኛው ቅርንጫፍ ነው ማለት ነው፤ በተለይ በጆሮ ግንድ በኩል ያለው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚዘጋው እሱ ነውና። እና እባካችሁ፣ የግፊት መድኃኒታቸውን ነገር ከዓይን ሕክምናው ለይታችሁ አትዩት። ዓይኑ ላይ የደረሰው እዚያ የተጀመረ ነው።

ጥያቄ፤ ከማራኪ

አጎቴ «የተዘጋው ዋናው ደም መልስ ነው» ተብለዋል። እይታቸው በጣም ስለወረደ «ከዚህ በኋላ ምን ቀርቶኝ ነው» ብለው በየወሩ የተሰጣቸውን ቀጠሮ አይሄዱም። ልዩነቱ ምንድን ነው? መሄዳቸው ይጠቅማል?

መልስ

ይጠቅማል፤ አሁኑኑ ይሂዱ።

የሬቲና ደም መልሶች ሁሉ መጨረሻ ላይ ተገናኝተው አንድ ዋና ደም መልስ ይሆናሉ። እሱም ከዓይን ኳስ የሚወጣው የዓይን ነርቭ በሚያልፍበት፣ እንደ ወንፊት በተበሳ ጠባብ በር ነው። በዚያ ጥበት ውስጥ ከዋናው ደም ቅዳና ከነርቩ ጋር ተጣብቆ ያልፋል። እዚያ ሲዘጋ ችግሩ የአንድ ማዕዘን መሆኑ ይቀርና የመላው ሬቲና ይሆናል። ግላኮማ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ከዓይን ውስጥ ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣው የዓይን ነርቭ ጉዳት፣ ለዚህኛው ዓይነት በተለይ ያጋልጣል።

ዋናው ደም መልስ ሲዘጋ ሐኪሙ የሚፈራው ከእብጠቱ ሌላ ነገርም አለ። ሬቲናው ደም ክፉኛ ካጣ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ዓይኑን ሞልቶ እስከ ፊት ይደርሳል፤ በዓይን ቀለማም ክፍል፣ በአይሪስ ላይ፣ አዲስ የደም ሥር ይበቅላል። ያ ሥር የዓይን ውስጥ ውኃ የሚወጣበትን ማዕዘን ይዘጋል፤ የዓይን ግፊት ይንራል። በዚህ ጊዜ ሕመም የሌለው ሕመም ሌሊት የማያስተኛ ሕመም ይሆናል። ባለሙያዎች «የመቶ ቀን ግላኮማ» የሚሉት ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ወር ገደማ ስለሚመጣ ነው። ቀጠሮው በየወሩ የሆነው ያንን ቀን ቀድሞ ለመያዝ ነው። አዲሱ ሥር ገና ጫፉ ሲታይ በሬቲናው ዙሪያ ሌዘር ይተኮሳል፤ ሌዘሩ በኦክስጅን እጦት ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የሚያመነጨውን ክፍል ስለሚያዳክም የበቀለው ሥር ይከስማል።

ዋናው ደም መልስ ተዘግቶበት፣ ሬቲናው ደም ክፉኛ ስላላጣ «የእርስዎ ቀለል ያለው ነው» የተባለም አይዘናጋ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ የተካሄደ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው በመጀመሪያ ቀላል ከነበሩት ሲሶ ያህሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ከባዱ ተሸጋግረዋል። አጎትዎ በቀጠሮው ቀን አንድ ነገር ያሳስቡ፤ ብሌን ማስፊያ ጠብታ ከመደረጉ በፊት አይሪሳቸው ይታይ። ብሌን ከሰፋ በኋላ ቀጫጭኖቹ አዲስ ሥሮች ይሰወራሉ።

ጥያቄ፤ ከደባርቅ

እናታችን 58 ዓመታቸው ነው። ወደ ጎንደር ተልከው «ዓይንዎ ውስጥ መርፌ ይወጋል» ሲባሉ «ዓይኔን ከምትወጉኝ ብታወር ይሻለኛል» ብለው ተመለሱ። እውነት ዓይን ውስጥ ነው የሚወጋው? አደጋውስ ምን ያህል ነው?

መልስ

እውነት ነው፣ ዓይን ውስጥ ነው። የእናታችሁ ፍርሃትም ተገቢ ነው፤ ስለዚህ የሚሆነውን አንድ በአንድ ንገሯቸው። ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነው።

በጀርባቸው ይተኛሉ። ማደንዘዣ ጠብታ ደጋግሞ ይደረግላቸዋል። ከዚያ የዓይን ቆባቸውና ሽፋሽፍታቸው ቡናማ በሆነ ፖቪዶን አዮዲን ይጠረጋል፤ 5 በመቶ የሆነውም ዓይናቸው ውስጥ ጠብ ይደረጋል። ይህ ያቃጥላል። ግን ይታገሡት፤ ከኢንፌክሽን የሚጠብቃቸው ከማንኛውም አንቲባዮቲክ ጠብታ ይልቅ እሱ ነው። የአዮዲን አለርጂ አለብኝ የሚል አስቀድሞ ይናገር። ፊታቸው ላይ መሐሉ የተቀደደ ንጹሕ ጨርቅ ይደረጋል፤ ቆባቸውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ሽቦ ይገባል፤ ስለዚህ «ድንገት ዓይኔን ብጨፍንስ» ብለው አይጨነቁ።

ሐኪሙ «ወደዚያ ይመልከቱ» ይላቸዋል። መርፌው በጥቁሩ በኩል አይገባም፤ በነጩ በኩል፣ ጥቁሩ ከሚያልቅበት ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ተለክቶ ነው። ሞራ ተወግዶላቸው ሰው ሠራሽ ሌንስ የገባላቸው ከሆነ 3.5። ይህ ልኬት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ወደ ፊት ቢጠጋ ሌንሱን ሊነካ ይችላል፣ ወደ ኋላ ቢርቅ ሬቲናውን። በመካከል ያለችው ጠባብ ቀለበት ከሁለቱም ነጻ ናት። የመርፌው ውፍረት ከሚሊ ሜትር ሲሶ አያልፍም። የሚገባው መድኃኒት 0.05 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከዓይን ጠብታ ጠርሙስ ከምትወርድ አንዲት ጠብታ ጋር የሚቀራረብ መጠን። መውጋቱ ራሱ የጥቂት ሰኮንዶች ጉዳይ ነው፤ ብዙዎች የሚሰማቸው ጫን የሚል ስሜት እንጂ ሥቃይ አይደለም። ወዲያው ጣት እየታየ «ስንት ነው?» ይባላሉ።

የዚያን ቀን ማታ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራቸዋል፤ አዮዲኑ ነው። ነጩ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ቦታ ሊወጣ ይችላል፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ክብ ጥቁር ነጠብጣብ ሲዋኝ ቢያዩ የአየር አረፋ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይሄዳል። እነዚህ አያስደነግጡም። የሚያስደነግጠው የተሻለ የነበረ ዓይን በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ እስከ ሳምንት ድረስ ባለው ቀን ሕመሙ እየጨመረ፣ እየቀላ፣ እይታው እየደበዘዘ ሲሄድ ነው። ዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሺህ መርፌ አንድ እንኳ አይደርስም፣ ከደረሰ ግን በሰዓታት የሚቆጠር ነገር ነው። ከደባርቅ ጎንደር መንገድ አለና «ነገ በጠዋት» ብላችሁ አትደሩ፤ በመጣችሁበት ሌሊት ተመልከቱን በሉ። መብረቅ የመሰለ ብልጭታ፣ እንደ ጥቁር ዝናብ የሚረግፍ ነገር ወይም መጋረጃ የመሰለ ጥላ ካዩም እንዲሁ፤ ሬቲናው ተቀድዶ ወይም ተላቅቆ ሊሆን ይችላል።

ስለ መድኃኒቱም እንንገራችሁ። ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍን የሚይዙት ሦስቱ የታወቁት ቤቫሲዙማብ 1.25 ሚሊ ግራም፣ ራኒቢዙማብ 0.5 ሚሊ ግራም እና አፍሊበርሴፕት 2 ሚሊ ግራም ናቸው። ቤቫሲዙማብ፣ በንግድ ስሙ አቫስቲን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ለአንጀት ካንሰር ነበር። የዓይን ሐኪሞች ከትልቁ ብልቃጥ በትናንሽ ሲሪንጅ እየተከፋፈለ ሲሰጥ ዋጋው እጅግ እንደሚቀንስ ስላዩ ለዓይን ተጠቀሙበት። «የካንሰር መድኃኒት ሰጡኝ» ብሎ የሚደነግጥ ካለ ይህን ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ትልቅ ጥናት ዋናው ደም መልስ ተዘግቶባቸው ማኩላቸው ያበጠ ሰዎችን በየወሩ አክሞ ከስድስት ወር በኋላ ሲያነጻጽር፣ ቤቫሲዙማብ እይታን በማሻሻል ከውዱ አፍሊበርሴፕት እንዳላነሰ አግኝቷል። አደጋው ያለው በማከፋፈሉ ላይ ነው፤ ንጽሕናው በተጠበቀ ክፍል ካልተከፋፈለ ጀርም ይገባዋል። ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ ከተባላችሁም በኪስ ወይም በቦርሳ አታምጡ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት ያለበት መድኃኒት ነው፤ በረዶ ባለበት ሳጥን ይያዝ፣ በረዶው ላይ በቀጥታ ተጣብቆም አይቀዝቅዝ። ከቅርብ ወራት ወዲህ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም አግኝቷቸው ከነበረ ከመወጋታቸው በፊት ለሐኪሙ ይነገር።

ጥያቄ፤ ከአዘዞ

ሁለት መርፌ ተወግቼ ዓይኔ በርቶልኝ ነበር። ደህና ሆንኩ ብዬ ተውኩት። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ጭጋጉ ተመለሰ። መድኃኒቱ የማይሠራ ነበር ወይስ ሐሰተኛ?

መልስ

ሠርቷል፤ የበራልዎት ስለሠራ ነው። የተመለሰው ስላለቀ ነው።

በዚህ ሕመም ላይ ከሁሉ የሚበልጠው መታወቅ ያለበት ነገር ይኸው ነው፤ መርፌው የተዘጋውን ሥር አይከፍትም። ወደ ቱቦው ምሳሌ ከተመለስን፣ መርፌው ግቢው ውስጥ የገባውን ውኃ ያስወጣል እንጂ ቱቦውን አይጠርግም። ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍን ይዞ ያቆየዋል፣ ኖራው ይጠነክራል፣ ማኩላው ይደርቃል። ግን መድኃኒቱ ከዓይን ውስጥ በየቀኑ እየቀነሰ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ኃይሉ ያልቃል። ሬቲናው ኦክስጅን ማጣቱን ካላቆመ ፕሮቲኑን ማምረቱን ይቀጥላል፤ እብጠቱም ይመለሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በየወሩ ይሰጣል፤ ማኩላው እስኪደርቅ፣ እይታውም መሻሻሉን ጨርሶ በቦታው እስኪቆም ድረስ። ለብዙው ሰው ይህ ከሦስት እስከ ስድስት መርፌ ነው። ከዚያ ልዩነቱ በሁለት ሁለት ሳምንት እየሰፋ ይሞከራል፤ 6፣ 8፣ 10 ሳምንት እያለ። እብጠቱ በስምንተኛው ሳምንት ከተመለሰ የእርስዎ ልክ ስድስት ነው ማለት ነው።

ለዘላለም ነው ወይ ለሚለው፣ ለሁሉም አይደለም። ጊዜ ሲያልፍ ከተዘጋው አጠገብ ያሉ ቀጫጭን ሥሮች እየሰፉ ደሙን ወደ ደህናው ደም መልስ የሚያሻግሩ መተላለፊያዎች ይሆናሉ። እነሱ ሲበረቱ የመርፌው አስፈላጊነት ይቀንሳል፤ ቅርንጫፍ ብቻ የተዘጋበት ሰው ላይ ይህ ተስፋ የበለጠ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ማኩላውን ደረቅ አድርጎ ማቆየት ያስፈልጋል። ወራት ሙሉ በውኃ የቆየ ማኩላ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሶቹ ያልቃሉና፣ በኋላ ቢደርቅም አያነብም።

ሐኪምዎ ልዩነቱን የሚወስነው በእርስዎ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ኦሲቲ በሚባል ምርመራ ነው። አገጭዎን አስደግፈው አንዲት ነጥብ ሲመለከቱ መሣሪያው የማይታይ ብርሃን ወርውሮ የሬቲናውን ንብርብር በጎን የተቆረጠ እንጀራ እንደማየት ያሳየዋል። ጤነኛው መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ያበጠው ጉድጓዱ ጠፍቶ ጉብታ ይሆናል፤ በውስጡም ውኃ የቋጠሩ ጥቁር ከረጢቶች እንደ እንጀራ ዓይን ይታያሉ። ምስሉን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ የባለፈውንና የዛሬውን ጎን ለጎን ያዩ ሰው ቀጠሮውን አይዘልም።

መርፌው በቂ ካልሆነ የስቴሮይድ መድኃኒት ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ለምሳሌ 0.7 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን የያዘ፣ ቀስ እያለ የሚሟሟ ዘንግ። ለወራት ይሠራል፤ ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራንም ያፋጥናል፤ ግላኮማ ላለበት አይመከርም። በማኩላው ዙሪያ የሚተኮስ ሌዘር ለቅርንጫፉ ዓይነት ድሮ ዋናው ሕክምና ነበር፤ ዋናው ደም መልስ ሲዘጋ ግን እብጠቱን ቢቀንስም እይታን አላሻሻለም።

ጥያቄ፤ ከቀበሌ 18

ጎረቤቴ «አስፕሪን ዋጥ፣ ደሙን ያቀጥንልሃል፣ ሥሩ ይከፈታል» አለኝ።

መልስ

አይከፍተውም። አስፕሪን የተዘጋን የሬቲና ደም መልስ እንደሚከፍት የታየ ነገር የለም፤ የሚያዣውን ደም ግን ሊያብሰው ይችላል። ለዓይንዎ ብለው አይጀምሩ። ለልብ ወይም ለስትሮክ ታዝዞልዎ ከሆነ ደግሞ በዓይንዎ ምክንያት አያቁሙ፤ መርፌውም ቢሆን አስፕሪን እየተዋጠ ይወጋል።

ጥያቄ፤ ከቆላ ድባ

ሁዳዴን እጾማለሁ፣ ጸበልም እጠመቃለሁ። መርፌው ከዚህ ጋር ይጋጫል? ለጥምቀትስ ፋሲል ባሕር መግባት እችላለሁ?

መልስ

መርፌው ከጾም ጋር አይጋጭም፤ ሳይበሉም ይወጋል። የሚያሳስበን የግፊት መድኃኒትዎ ነው። በጾም ወራት «እስክገድፍ» ተብሎ የሚቀር ኪኒን ብዙ ነው። በቀን አንዴ የሚዋጥ ከሆነ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ማታ በቋሚ ሰዓት ማድረግ የሚቻል መሆኑን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ። በረመዳን የሚጾሙ አንባቢዎቻችንም እንዲሁ፣ ሰዓቱን ወደ ሱሁር ወይም ወደ ኢፍጣር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። የሚዋጠው እንዳይቀር እንጂ ሰዓቱ ይስተካከላል።

ስለ ጸበሉ፣ እምነትዎን አንነካም፤ የምንለምነው ጊዜውን ብቻ ነው። መርፌው የሠራት ቀዳዳ ትንሽ ናት፣ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ ከነጀርሙ ሊገባባት ይችላል። ከተወጉ በኋላ አንድ ሳምንት ፊትዎ ላይ ውኃ አያስረጩ፣ ዓይንዎን አይክፈቱበት፤ ከአንገት በታች ይጠመቁ። በፋሲል መጠመቂያ ጥር 11 ጠዋት ውኃው በሕዝቡ ላይ ሲረጭ መሸሽ አይቻልም፤ ብዙ ሰው የገባበት ውኃም ነው። ቀጠሮዎ ከጥምቀት ሳምንት ጋር ከተገናኘ ለሐኪሙ ቀድመው ይንገሩት፤ የጥቂት ቀን ማቀያየር ችግር የለውም። የዕፅዋት ጭማቂ ዓይን ውስጥ መጨመር ግን ከመርፌውም በፊት ሆነ በኋላ በፍጹም አይሁን።

ጥያቄ፤ ከአዲስ ዓለም

29 ዓመቴ ነው፤ ግፊትም ስኳርም የለብኝም። ግን ቅርንጫፍ ደም መልስ ተዘግቶብኛል። በየቀኑ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ እወስዳለሁ። ለምን በእኔ ደረሰ?

መልስ

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣ ስለሆነ በእርስዎ ዕድሜ ሲታይ ፍለጋው ሰፋ ይላል። ግፊትዎ በአንድ ቀን ልኬት ብቻ «የለም» ተብሎ አይታለፍ፤ በተለያየ ቀን ይለካ። ስኳር፣ የደም ቅባት፣ ሙሉ የደም ቆጠራ ይታይ። ደም የማርጋት ዝንባሌም ይፈተሽ፤ በተለይ ከቤተሰብ እግሩ ላይ ደም የረጋበት ካለ፣ ወይም ራስዎ ተደጋጋሚ ውርጃ ገጥሞዎት ከሆነ። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአፍ ቁስለት ወይም የቆዳ ሽፍታ ካለ ይናገሩ፤ የደም ሥርን የሚያቆስሉ ሕመሞች አሉ።

ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ የደም መርጋትን ዕድል ይጨምራል። ኪኒንዎ ኤስትሮጅን ያለበት መሆኑን ከነማሸጊያው ወስደው ያሳዩ፤ ከሆነ ኤስትሮጅን ወደሌለው ዘዴ መቀየር እንዳለብዎ የቤተሰብ ምጣኔ ባለሙያና የዓይን ሐኪምዎ አብረው ይወስኑ። ሌላ ሳይተኩ ግን በድንገት አያቁሙ። እርግዝና ካለ ወይም ካሰቡ ከመርፌው በፊት የግድ ይናገሩ፤ እነዚህ መድኃኒቶች በእርግዝና ጊዜ በጥንቃቄ የሚታዩ ናቸው።

ጥያቄ፤ ከፒያሳ

ቤት ሆኜ እብጠቱ መመለሱን በምን አውቃለሁ? ለቀጠሮስ ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ

ሁለት ዓይን ተከፍቶ ሳለ ደህናው የታመመውን ይሸፍንለታል፤ ብዙ ሰው ለሳምንታት የማያውቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ይፈትሹ። ነጭ ወረቀት ላይ በማስመሪያ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን ይሥሩ፤ በየ5 ሚሊ ሜትሩ ወደ ታችና ወደ ጎን መስመር ያስምሩ፤ መሐሉ ላይ ደማቅ ነጥብ ያድርጉ። የንባብ መነጽር ካለዎ ያድርጉት፤ ወረቀቱን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይያዙ፣ አንድ ዓይን በመዳፍ ይሸፍኑ፣ ሌላው ነጥቧን ብቻ ይመልከት። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው? የጎበጠ፣ የጠፋ፣ የደበዘዘ ሣጥን አለ? ካለ ቦታውን በእርሳስ ያክብቡና ቀኑን ይጻፉበት። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በተመሳሳይ ብርሃን ያድርጉት። ያከበቡት ከባለፈው ከሰፋ ቀጠሮ አይጠብቁ። ወረቀት ከሌለ የመስኮት ፍርግርግ ወይም የበር መቃን ይሠራል፤ ቀጥ ያለው ብረት ከታመመው ዓይን በኩል ሲታይ ሆድ ካወጣ ውኃው ተመልሶ ሊሆን ይችላል።

ለቀጠሮ ያንን ወረቀት፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ የግፊት ልኬት የተጻፈበትን ደብተርና ያለፈውን የኦሲቲ ምስል ይያዙ። የግፊቱ ግብ ቢያንስ ከ140 በ90 በታች ነው፤ ለብዙዎች ከ130 በ80 በታች ይመከራል፣ የእርስዎን ሐኪምዎ ይወስናል። ሲጋራ ካለ ይቁም። ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ማዕከል ተልከው ከሆነ ቀጠሮ ሲይዙ የሬቲና ሐኪም የሚገኝበትን ቀን ይጠይቁ፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው በባዶ እንዳይመለስ። ብሌን ማስፊያው ጠብታ ለአራት እስከ ስድስት ሰዓታት ያህል እይታን ያደበዝዛል፤ ስለዚህ የሚደግፍዎት ሰው ይዘው ይምጡ፣ ኮፍያም አይርሱ፣ ባጃጅም ሆነ ሞተር የሚነዱ ከሆነ ያን ቀን ሌላ ሰው ይንዳ።